ለባሕር ኃይል ዶክያርድ ጎታች ጀልባ ሲመረጥ፦ የትኛዋ ለየትኛው ሥራ?

ትልቅ የጦር መርከብ በራሱ ሞተር ውቅያኖስ ያቋርጣል። ዶክያርድ (መርከብ የሚጠገንበት የባሕር ዳር ግቢ) ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ራሱን ማንቀሳቀስ አይችልም። ሞተሩ ተፈቷል። ፕሮፔለሩ ወርዶ ጥገና ላይ ነው። መብራቱ የሚመጣው ከመሬት በተዘረጋ ገመድ ነው። ከመቆሚያው ተነሥቶ ደረቅ ዶክ (ውኃው ተመጥጦ የሚደርቅ የመጠገኛ ገንዳ) ውስጥ እስኪገባ ድረስ የሚያንቀሳቅሱት ጎታች ጀልባዎች ናቸው። በዶኩ በር ላይ በግራና በቀኝ የሚተርፈው ክፍተት ትንሽ ነው። ስህተት ቢፈጠር የሚጎዳው ለመሥራት ብዙ ዓመት የፈጀ መርከብ ነው።

ለዚህ ሥራ ጀልባ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። መቅደም ያለበት «ጉልበቷን ወደ የትኛው አቅጣጫ፣ በምን ያህል ፍጥነት ማዞር ትችላለች?» የሚለው ነው። እዚህ የተለመዱትን ዓይነቶች የማነጻጽረው በዚህ ዓይን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ምን ይመስላል?

የንግድ ወደብ ጎታች ቀኗን የምታሳልፈው ኮንቴይነር ጫኝና ነዳጅ ጫኝ መርከቦችን በማስገባትና በማስወጣት ነው። የእነዚህ መርከቦች ጎን ቀጥ ያለ ነው። የራሳቸው ሞተርም ይሠራል። ጎታቿ ታግዛለች እንጂ ሙሉ ሸክሙን አትወስድም።

የዶክያርድ ጎታች ኑሮ ሌላ ነው። ጠዋት ሞተሩ የተፈታ ፍሪጌት (መካከለኛ የጦር መርከብ) ከአንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው ታዛውራለች። ቀጥሎ ተንሳፋፊ ክሬን ጎኗ ላይ አስራ ትወስዳለች። የባሕሩ ውኃ ሲሞላ መርከብ ወደ ደረቅ ዶክ ታስገባለች፤ የመሬቱ ገመዶች መርከቡን እስኪረከቡ ድረስ ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች። ጥይት ሲጫን እሳት ቢነሣ ተብሎ አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች። ነዳጅ ከፈሰሰ ዙሪያውን የሚከበውን ተንሳፋፊ አጥር የምትዘረጋው እሷው ናት። በመሐል ደግሞ ሞተሯ በዝግታ እየሠራ ረጅም ሰዓት ትዕዛዝ ትጠብቃለች። ሙሉ ጉልበቷን የምታወጣበት ጊዜ ከቀኑ ጥቂቱ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ ሞተር ስናወራ እንፈልገዋለን።

የምትነካቸው መርከቦችም እንደ ልብ የሚገፉ አይደሉም። የጦር መርከብ ቆዳው ስስ ነው፤ ክብደት እንዲቀንስ ሲባል ብረቱ ቀጠን ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ የሚገፋው ከውስጥ ጠንካራ አጥንት ባለበት ቦታ ብቻ ነው። የፊቱ ጎን ከውኃው እየራቀ ሲሄድ ወደ ውጭ ስለሚዘረጋ የጎታቿን ምሰሶ ወይም የካፒቴኗን ክፍል ሊመታ ይችላል። አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ደግሞ የበረራ ወለሉን ከውኃው በላይ በሰፊው ዘርግቶ ይቆማል። ጎታቿ በዚያ ጥላ ሥር ገብታ መሥራት አለባት።

ከሁሉም ጥንቃቄ የሚፈልገው ሰርጓጅ መርከብ ነው። አካሉ ክብ ነው፤ ሰፊው ክፍሉ ያለው ከውኃ በታች ነው። ከላይ ሲታይ ጎታቿ ገና ርቀት ያላት ይመስላል፤ ከታች ግን ሁለቱ ሊነካኩ ይችላሉ። በጀልባዋ ጠርዝ ላይ የተለመደው የጎማ መከላከያ ከውኃ በላይ ስለሆነ እዚህ ምንም አያድንም። ጎማው ከውኃው መስመር በታች ወርዶ መቀጠል አለበት። የብዙ ሰርጓጅ መርከቦች ቆዳ ድምፅ በሚውጥ ንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ያ ንጣፍ በጉተታ ላይ ከተገነጠለ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ከኋላ በኩል ደግሞ ውኃ ውስጥ የተደበቁ ክንፎችና ፕሮፔለር አሉ። ዶክያርዳችሁ ሰርጓጅ የሚያስተናግድ ከሆነ፣ የጀልባ ምርጫው ግማሹ በዚህ ይወሰናል ብል ማጋነን አይደለም።

ስንት ቶን ይበቃል?

የጎታች አቅም በትክክል የሚነገረው በጉተታ ጉልበት ነው። ጀልባዋ በመሬት ላይ ካለ ማሰሪያ ጋር ታስራ ሙሉ ኃይል ስትሰጥ፣ ገመዱ ላይ የሚነበበው ቶን ማለት ነው። የፈረስ ጉልበቱ ሞተሩን ይነግራችኋል፤ ቶኑ ግን ሥራውን።

የሚያስፈልገውን ለመገመት ትልቁ ባላጋራ ነፋስ ነው። ቀላል ስሌት አለ። ከውኃ በላይ ያለውን የመርከቡን የጎን ስፋት በካሬ ሜትር ውሰዱ። የነፋሱን ፍጥነት፣ በሴኮንድ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በራሱ አባዙት። ሁለቱን አባዝታችሁ ለ16,000 አካፍሉ። የምታገኙት ነፋሱ መርከቡን ወደ ጎን የሚገፋበት ግምታዊ ቶን ነው።

130 ሜትር ርዝመትና በአማካይ 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፍሪጌት እንውሰድ። ስፋቱ ወደ 1,500 ካሬ ሜትር ነው። ነፋሱ በሴኮንድ 10 ሜትር ሲሆን ግፊቱ 9 ቶን ገደማ ነው። ወደ 15 ሜትር ሲያድግ 21 ቶን ይደርሳል። 5,000 ካሬ ሜትር ጎን ያለው ወታደር ማጓጓዣ መርከብ ቢሆን 31 እና 70 ቶን ይሆናል። 8,400 ካሬ ሜትር ለሚሆን አውሮፕላን ጫኝ ደግሞ 53 እና 118 ቶን። ነፋሱ በግማሽ ሲጨምር ግፊቱ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ልብ በሉ። የውኃ ጅረት ካለ በዚህ ላይ ይደመራል፤ ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያም መጨመር አለበት።

ታዲያ ትልቋን ገዝቶ መገላገል አይሻልም? አይሻልም። ገመዱ የሚታሰርበት የመርከቡ ብረት የራሱ አቅም አለው። ለ30 ቶን በተሠራ ማሰሪያ ላይ 70 ቶን የምታወጣ ጀልባ አስራችሁ ካፒቴኗ እጁን ትንሽ ካበዛ፣ ማሰሪያው ተነቅሎ ይወጣል። የሚወረወረው ብረትና ገመድ ሰው ይገድላል። ለዶክያርድ እኔ የማዘነብለው መካከለኛ ጉልበት ያላቸው ጀልባዎች በቁጥር በርከት ብለው ቢኖሩ ነው። ሞተር የሌለውን መርከብ አንዲት ጀልባ፣ የቱንም ያህል ብትጠነክር፣ ፊቱንም ኋላውንም በአንድ ጊዜ ልትይዝ አትችልም።

የድሮው ዓይነት፦ አንድ ወይም ሁለት ፕሮፔለር ከኋላ

ይህች ሁላችንም በሥዕል የምናውቃት ጎታች ናት። ፕሮፔለሯና መሪዋ ከኋላ ናቸው። መጎተቻ መንጠቆዋ መሐል ላይ ነው። አሠራሯ ቀላል ነው፤ ዋጋዋ ከሌሎቹ ዝቅ ይላል፤ የትኛውም ጥሩ መካኒክ ይጠግናታል። በፕሮፔለሩ ዙሪያ የኮርት ቀለበት የሚባለው ብረት ከተገጠመላት በዝግታ ስትጎትት ጉልበቷ በሩብ ገደማ ይጨምራል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ ያሠራቸው የናቲክ ክፍል (በአንድ ንድፍ የተሠሩ ጀልባዎች ስብስብ) ጎታቾች የዚህ ዓይነት ናቸው። ርዝመታቸው 33 ሜትር ገደማ፣ ሞተራቸው 2,000 የፈረስ ጉልበት፣ ፕሮፔለራቸው አንድ። በየጦር ሰፈሩ ለአሥርት ዓመታት አገልግለዋል።

ችግሯ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ጉልበቷ በጣም ይቀንሳል፤ ወደ ጎን ደግሞ ከነጭራሹ መሄድ አትችልም። መርከቡን ከመግፋት ወደ መጎተት ለመቀየር ገመድ መፍታት፣ መዞር፣ እንደገና ማሰር ሊያስፈልግ ይችላል። ጠባብ የዶክያርድ ገንዳ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ጊዜም ቦታም የለም።

ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። መንጠቆው መሐል ላይ ስለሆነ፣ የሚጎተተው መርከብ ከጀልባዋ ከፈጠነ ገመዱ ወደ ጎኗ ይዞራል። ያኔ ጎታቿ ራሷ ወደ ጎን ትጎተታለች። ትጋደማለች፤ የወለሏ ጠርዝ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ክፍት በር ካለ ውኃው ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በሴኮንዶች ውስጥ ነው። በዲሴምበር 2007 በስኮትላንድ ክላይድ ወንዝ ላይ «ፍላይንግ ፋንተም» የተባለች ጎታች በጉም ውስጥ መርከብ ስትጎትት በዚህ መልክ ተገልብጣ ሰጠመች። ከ4 ሠራተኞቿ የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህችን ዓይነት ዛሬ ለዋና ሥራ አዲስ ማሠራትን አልመክርም። ተንሳፋፊ መድረክ ለመግፋት፣ ቆሻሻ የጫነ ጀልባ ለማዛወር፣ ለመሳሰለው ቀላል ሥራ ግን ትንሿ የድሮ ዓይነት ትበቃለች። ርካሽነቷ እዚያ ጥቅም ነው።

ከጎን መንኮራኩር እስከ ፎይት ሽናይደር

ቁጥጥር ከጉልበት ይቀድማል ስል ከኪሴ ያወጣሁት ሐሳብ አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1950ዎቹ ያደረገውን ተመልከቱ። ዓለም የጎን መንኮራኩር (ግራና ቀኝ ሆኖ ውኃውን እየመታ የሚያስኬድ ትልቅ ጎማ) ያላቸውን ጀልባዎች ከተወ ያኔ ቆይቶ ነበር። እሱ ግን ከ1956 ጀምሮ 7 የጎን መንኮራኩር ጎታቾች አሠራ፤ የዳይሬክተር ክፍል ይባላሉ። ናፍጣ ሞተራቸው ጄኔሬተር ያዞራል፤ ግራና ቀኝ ያሉትን መንኮራኩሮች ደግሞ ለየብቻ ኤሌክትሪክ ሞተር ያዞራቸዋል። አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲዞር ጀልባዋ በቆመችበት ትሽከረከራለች። ምሰሷቸው ይታጠፋል፤ አውሮፕላን ጫኝ መርከብ ሥር እንዲገቡ ታስቦ ነው። ያ ባሕር ኃይል ተራ ፕሮፔለር ያለው ጠንካራ ጎታች ማግኘት አቅቶት አይደለም። የሚፈልገው ጠባብ ቦታ ላይ የምትታዘዝለትን ነው።

ከዚያ በኋላ ይህን ሥራ የወረሰው ፎይት ሽናይደር ነው። ፈጠራው የኦስትሪያዊው መሐንዲስ የኤርንስት ሽናይደር ሲሆን ፎይት የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሥራ ላይ አዋለው። አሠራሩ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ከጀልባዋ ሆድ ሥር አንድ ክብ ሳሕን ይዞራል። ከሳሕኑ ላይ እንደ ቢላ ያሉ ቀጥ ያሉ ክንፎች ወደ ታች ይወርዳሉ። ሳሕኑ ሲዞር እያንዳንዱ ክንፍ በየቦታው አንግሉን ይቀያይራል። በዚህ ምክንያት የሞተሩ ፍጥነት ሳይለወጥ ጉልበቱ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደፈለጋችሁት ይሄዳል። መሪ የሚባል ነገር አያስፈልግም። አቅጣጫውን ለመለወጥ የሚፈጀው ጊዜም በጣም አጭር ነው።

በጎታች ላይ ሲገጠም ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳሕኖች ከመሐሉ ወደ ፊት ባለው ሆድ ሥር ይቀመጣሉ። ገመዱ የሚታሰረው ከኋላ ነው፤ ከኋላ ሥር ደግሞ ትልቅ ቋሚ ክንፍ አለ። ጉልበቱ ከፊት፣ ሸክሙ ከኋላ፤ ፈረስ ጋሪ እንደሚጎትት ማለት ነው። ገመዱ ሲወጠር ጀልባዋን ወደ መስመሩ ይመልሳታል እንጂ ወደ ጎን የመጣል ባሕርዩ በጣም ያነሰ ነው። ከላይ ያነሣሁት የመገልበጥ አደጋ እዚህ በእጅጉ ይቀንሳል።

ለዶክያርድ ሥራ እኔ ከሁሉም የማስቀድማት ይህችን ናት። ከመርከቡ ጎን ሳትለይ መግፋቱን ወደ መሳብ ትለውጣለች። ሰርጓጅ መርከብ አጠገብ ስትጠጋ ጉልበቷን ከዜሮ ጀምራ በቀስታ ትጨምራለች፤ ሳትገፋም ሳትስብም ሞተሯ እየሠራ መቆም ትችላለች። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1980ዎቹ ለዶክያርዶቹ ያስገባቸው የአዴፕት ክፍል ጎታቾች በዚህ የተሠሩ ናቸው። ሥራው ወደ ግል ኩባንያ ከዞረ በኋላም ለብዙ ዓመታት ማገልገላቸው የሚናገረው ነገር አለ።

ጉድለቶቿን ግን መደበቅ አይገባም። ለተመሳሳይ የሞተር ኃይል የምትሰጠው ቶን ያንሳል። በግርድፉ ለ100 የፈረስ ጉልበት 1 ቶን ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ቀጥዬ የማነሣት ዓይነት ግን 1.3 ቶን ገደማ ትሰጣለች። ለመግዛትም ውድ ናት። ክንፎቹና ከሥራቸው ያለው መከላከያ ሳሕን ወደ ታች ስለሚወርዱ ጥልቀት ይፈልጋሉ፤ ደለል በሞላው ገንዳ ውስጥ ይህ እንቅፋት ይሆናል። ከመግዛት በፊት የገንዳውን ጥልቀት በዝቅተኛ ውኃ ጊዜ መለካት ግድ ነው።

ከኋላ የሚዞሩ ፕሮፔለሮች

ዛሬ በዓለም ወደቦች በብዛት የምታዩአት ጎታች ይህች ናት። ሁለት ፕሮፔለሮች ከኋላ ሥር ተገጥመዋል፤ እያንዳንዳቸው በራሳቸው 360 ዲግሪ ይዞራሉ። ሐሳቡን በ1950 ሥራ ላይ ያዋለው ሾተል የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። ኃይሉ ከሞተሩ ወጥቶ ሁለት ጊዜ እየታጠፈ ወደ ፕሮፔለሩ ስለሚወርድ ብዙዎች ዜድ ድራይቭ ይሉታል።

ጉልበቷ ትልቅ ነው። ወደ ኋላ ስትሄድም ከፊቱ ብዙም የማይቀንስ ጉልበት አላት። ገመዱን ከፊቷ ባለው ዊንች (ገመድ መጠቅለያ ማሽን) ይዛ፣ አፍንጫዋን ወደ መርከቡ አድርጋ ትገፋለች፤ መሳብ ስትፈልግ ፕሮፔለሮቹን ታዞራለች። ገመድ መፍታት የለም። መለዋወጫዋ በብዙ አገር ይገኛል። የሚጠግናት ሰውም እንዲሁ።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የናቲክ ክፍልን ለመተካት ከ2009 ጀምሮ የተረከባቸው የቫሊያንት ክፍል ጎታቾች የዚህ ዓይነት ናቸው። 27 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 3,620 የፈረስ ጉልበት። ከድሮዋ በ6 ሜትር ያጥራሉ፤ ኃይላቸው ግን ከእጥፍ ትንሽ ነው የሚያንሰው። ጠባብ ገንዳ ላለው ዶክያርድ ማጠሩ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከፎይት ሽናይደር ጋር ስትተያይ የምትሸነፈው በጥቃቅን እንቅስቃሴ ነው። ጉልበቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ለመላክ ፕሮፔለሩ በአካል መዞር አለበት፤ ያ ጥቂት ሴኮንድ ይወስዳል። ለነዳጅ ጫኝ መርከብ ጥቂት ሴኮንድ ምንም አይደለም። ለሰርጓጅ መርከብ ንጣፍ ግን ብዙ ነው። ሌላም አለ። በኋላዋ ባለ መንጠቆ ከጎተተች የድሮዋ ጀልባ አደጋ ተመልሶ ይመጣል። በፍጥነት ከሚሄድ መርከብ ፊት ሆና ወደ ኋላ እየሄደች መሥራትም ካፒቴኑ በደንብ ካልሠለጠነ አደገኛ ነው።

ሁለት ዓይነቶች በአጭሩ ልጨምር። የሚዞሩትን ፕሮፔለሮች ከፊት ሥር የሚያደርግ ዓይነት አለ፤ የፎይትን ደኅንነት ከዜድ ድራይቭ ዋጋ ጋር ለማስታረቅ ይሞክራል። በውኃ ውስጥ የተደበቀ ፕሮፔለር አፍንጫዋ ሥር ስላለ ጥልቀት ትፈልጋለች። ሮተር ታግ የሚባለው ደግሞ 3 የሚዞሩ ፕሮፔለሮች አሉት፤ ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ወደ ጎን በፍጥነት ትሄዳለች፤ አንዱ ቢበላሽ በሁለቱ ትሠራለች። ግን የሚጠገኑት ክፍሎችም 3 ናቸው። አነስተኛ የጥገና ቡድን ላለው ዶክያርድ አልመርጣትም።

እንግዲህ ምርጫው

ሰርጓጅ ወይም አውሮፕላን ጫኝ የሚያስተናግድ፣ ገንዳው ጠባብ፣ ጥልቀቱ ግን በቂ የሆነ ዶክያርድ ካላችሁ ፎይት ሽናይደርን ምረጡ። ለትርፉ ዋጋ አትሳሱ። ፍሪጌትና ትንንሽ መርከቦች የሚበዙበት፣ ወደ ክፍት ባሕር መውጣትም ያለበት፣ መለዋወጫ በቶሎ መገኘቱ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ከኋላ የሚዞሩ ፕሮፔለሮች ያሏት ትሻላችኋለች። ሁለቱም ሥራ ካለ ሁለቱንም ዓይነት መያዝ ይቻላል፤ ግን ከሁለት ዓይነት በላይ አታድርጉት። መለዋወጫውም ሥልጠናውም ይበታተናል።

ሰው ሲቀየር ምን ይሆናል?

ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በባሕር ኃይል ውስጥ ሠራተኛ በየጥቂት ዓመቱ ይዛወራል። ዜድ ድራይቭን በደንብ መንዳት ጊዜ የሚፈልግ ሙያ ነው። ግራ እጅ አንዱን ፕሮፔለር፣ ቀኝ እጅ ሌላውን ይይዛል፤ ሁለቱን አስማምቶ ጀልባዋን ቀጥ ብላ ወደ ጎን እንድትሄድ ማድረግ በአንድ ሳምንት አይለመድም። በድሮ ዓይነት ጎታች ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ካፒቴን መጀመሪያ ላይ ሊቸገር ይችላል፤ እጁ የለመደው ሌላ ነው። የፎይት አነዳድ ለየት ያለ ቢሆንም ወደ ፊትና ወደ ጎን የሚሰጠው ትእዛዝ ለየብቻው ስለሆነ ብዙዎች ለመረዳት አይከብዳቸውም።

ካፒቴኖቻችሁ ቋሚ ሲቪሎች ከሆኑ የትኛውንም ዓይነት መያዝ ትችላላችሁ። በየጊዜው የሚቀያየሩ ከሆኑ ግን ከጀልባዋ ጋር የሥልጠና መሣሪያም (ሲሙሌተር) በበጀቱ ውስጥ ይግባ። ሁሉም ጀልባዎች አንድ ዓይነት መንጃ ጠረጴዛ ይኑራቸው። ይህ ለሠራተኛው ትልቅ እፎይታ ነው።

ናፍጣ፣ ቅልቅል ወይስ ባትሪ?

ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ይመጣል። የዶክያርድ ጎታች አብዛኛውን ሰዓት በትንሽ ኃይል ትሠራለች። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ያለ ሸክም ረጅም ሰዓት ሲሠራ አይወድም፤ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፣ ጥላሸት ይይዛል፣ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ለዚህ ሥራ በተፈጥሮው የሚስማማ ነው። ጀልባዋ ሁልጊዜ ወደዚያው መቆሚያ ትመለሳለች፤ ዶክያርድ ደግሞ ለመርከቦች የሚሰጥ የመሬት ኃይል አስቀድሞ አለው።

ሙከራው ብዙ ርቀት ሄዷል። «ካሮሊን ዶሮቲ» የተባለችው ናፍጣና ባትሪ ቅልቅል ጎታች በ2009 በካሊፎርኒያ ሥራ ጀመረች። በ2022 የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ወደብ «ስፓርኪ»ን ተረከበ፤ በባትሪ ብቻ 70 ቶን ትጎትታለች፤ ባትሪዋ 2,784 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ለመሙላት 2 ሰዓት ገደማ ይበቃታል። በ2024 ደግሞ «ኢዎልፍ» የተባለች ኤሌክትሪክ ጎታች በአሜሪካ ሳንዲያጎ ሥራ ጀመረች፤ የእሷም ጉተታ 70 ቶን ነው።

ግን የባሕር ኃይል ጎታች መጥፎ ቀን አላት። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 በሃዋይ ያለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበር በጃፓን ስትደበደብ «ሆጋ» የተባለች ትንሽ የዶክያርድ ጎታች እዚያ ነበረች። በእሳት ከተያያዘው የጦር መርከብ «አሪዞና» ጎን ታስሮ የነበረውን የጥገና መርከብ «ቬስታል»ን ስባ አወጣች። ከዚያ «ኔቫዳ» የተባለው የጦር መርከብ መተላለፊያውን ዘግቶ እንዳይሰጥም ወደ ዳር በመግፋቱ ሥራ ተካፈለች። ለ3 ቀን ያህልም በመርከቦቹ ላይ የተነሣውን እሳት ስታጠፋ ቆየች። እንዲህ ባለ ቀን ባትሪ ብቻ ያላት ጀልባ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትቆማለች፤ የመሬቱ መብራትም ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ቅልቅሉ ነው። የዕለት ሥራውን በባትሪ፣ ከባዱንና ድንገተኛውን በናፍጣ። ሙሉ ባትሪ የሆነች ጀልባ ብትጨመር መልካም ነው፤ የግቢው ጎታቾች ሁሉ ግን በባትሪ ብቻ የሚሠሩ መሆን የለባቸውም። ለእሳት ማጥፊያ ደግሞ ፋይፋይ 1 የሚባለውን ደረጃ ጠይቁ። በሰዓት 2,400 ሜትር ኩብ ውኃ የሚረጭ፣ ውኃውን 120 ሜትር ርቀትና 45 ሜትር ከፍታ የሚያደርስ መሣሪያ ማለት ነው። ሁሉም ጀልባዎች ይህን መያዝ የለባቸውም፤ በማንኛውም ሰዓት አንዲት ተረኛ ግን ትኑር።

አዲስ ወይስ ያገለገለች?

የጎታች አካል በደንብ ከተያዘ 30 እና 40 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ያገለገለች መግዛት ነውር የለበትም። ግን በቀለሟ አትፍረዱ። ደረቅ ዶክ ላይ ወጥታ የብረቷ ውፍረት በአልትራሳውንድ ይለካ፤ በተለይ ጎማው ከኋላው ውኃ የሚይዝበት ቦታ፣ የገመድ ሳጥኑ ወለል፣ የውኃ ታንኮቹ። የሚዞር ፕሮፔለር ካላት የማርሹ ዘይት ናሙና ይመርመር፤ ውኃ ወይም የብረት ብናኝ ከተገኘበት ዋጋው ላይ ሳይሆን ግዢው ላይ እንደገና ማሰብ ያስፈልጋል። የንግድ ወደብ ጎታች ከሆነች ምሰሶዋ መታጠፉን፣ የካፒቴኗ ክፍል ከጠርዙ ወደ ውስጥ መግባቱን፣ ከውኃ በታች ጎማ ሊጨመርላት መቻሉን አጣሩ። እነዚህ በኋላ ሲስተካከሉ ብዙ ያስወጣሉ።

ከመረከብ በፊት

የጉተታ ፈተናው ላይ ራሳችሁ ተገኙ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቶን ለአንድ አፍታ የደረሰችበት ከፍተኛው ነው ወይስ ለደቂቃዎች የያዘችው? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ፤ ውል ውስጥ መግባት ያለበት ሁለተኛው ነው። ወደ ኋላም ትለካ። ወደ ጎን በቀጥታ ስትሄድ ፍጥነቷ ይመዝገብ። በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ በስንት ሜትር እንደምትቆም ይታይ።

ገመድ መልቀቂያው ለብቻው ይፈተን። አዳዲሶቹ የዓለም አቀፍ መዝጋቢ ድርጅቶች ደንቦች የዊንቹ የድንገተኛ መልቀቂያ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ቢበዛ በ3 ሴኮንድ ውስጥ እንዲሠራ ያስገድዳሉ፤ ጀልባዋ መብራት አጥታም ቢሆን። ሻጩ ገመዱ ላልቶ ሳለ ቁልፉን ተጭኖ «ይኸው ይሠራል» ሊላችሁ ይችላል። አትቀበሉ። ገመዱ ተወጥሮ፣ ወደ ጎን ዞሮ፣ ዋናው ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ይሞከር። ካልሠራ ፊርማችሁን አታስቀምጡ።